ከጣራ ገዳም እስከ ዋሽንግተን፤ የአየር ርቀትና የጉዞ ጊዜ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በፎገራ ሜዳ ላይ አንድ መንገደኛ ገበሬውን አቁሞ «እዚያ ቦታ ምን ያህል ይርቃል?» ብሎ ቢጠይቀው፣ «የግማሽ ቀን መንገድ ነው» የሚል መልስ ያገኛል እንጂ ኪሎ ሜትር ተቆጥሮ አይነገረውም። ይህ መልስ ለተማረ ጆሮ ከስሌት የራቀ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ገበሬው ዳገቱን፣ ወንዙን፣ ጭቃውንና ወቅቱን ሁሉ አስቦ ነው የተናገረው። መንገደኛው በእርግጥ ማወቅ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ካርታ የሚያሳየው ርቀትና ሰው የሚያሳልፈው ጊዜ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ርቀትን የመሬት ቅርጽ ወስኖታል፤ ጊዜን ግን በአብዛኛው የሚወስነው የሰው ሥራ ነው። ስለዚህም ጊዜ የመሐንዲስ ጉዳይ ነው።

የዚህ ንግግር ዓላማ ይህን ልዩነት በአንድ ምሳሌ ማሳየት ነው። ምሳሌውም ከጣራ ገዳም እስከ ዋሽንግተን የሚደረገው ጉዞ ነው። ጣራ ገዳም ከአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ በተራራ ላይ የሚገኝ ጥንታዊ ገዳም ሲሆን፣ በዙሪያው ተጠብቆ የቆየው የወይራና የሌሎች አገር በቀል ዛፎች ደን አካባቢው በቀድሞው ዘመን ምን ይመስል እንደ ነበር ይመሰክራል። ከእርሱ በታች፣ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ርብና ጉማራ ወደ ጣና የሚፈስሱበት የፎገራ ሜዳ ይዘረጋል። ወረታም በሜዳው ላይ ሆና ከባሕር ዳር የሚመጣውን አውራ ጎዳና ወደ ጎንደርና በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ ትከፍለዋለች። ዋሽንግተን ደግሞ በውጭ አገር ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን እጅግ ብዙዎቹ የከተሙበት አካባቢ ነው። ሁለቱን ቦታዎች ያገናኛቸው ንግድ ወይም ፖለቲካ ብቻ አይደለም፤ እናትና ልጅ፣ ወንድምና እኅት በሁለቱ ዳርቻ ይኖራሉ።

፩. ርቀቱ

የመሬትን ሉል የሚያሳይ ሞዴል ላይ ሁለት ነጥቦችን ይዞ ክር ጥብቅ አድርጎ የሚወጥር ሰው፣ በሁለቱ መካከል ያለውን እጅግ አጭር መንገድ ያገኛል። ይህ መስመር የመሬትን ማእከል ማእከሉ ያደረገ ታላቅ ክብ ክፋይ ነው። ከቦሌ አየር ጣቢያ እስከ ዋሽንግተን ደለስ አየር ጣቢያ በዚህ መስመር ሲለካ ርቀቱ 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። መስመሩ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ተነሥቶ በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ ሰማይ ያልፋል፤ እስፔይንንና ፖርቱጋልን ያቋርጣል፤ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይም እስከ 45ኛው የሰሜን ኬክሮስ ዲግሪ ድረስ ከወጣ በኋላ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይታጠፋል። በጠፍጣፋ ካርታ ላይ የተጣመመ የሚመስለው ይህ መንገድ በሉሉ ላይ ግን ቀጥተኛው ነው።

በዚሁ ስሌት ከጣራ ገዳም እስከ ዋሽንግተን ያለው ርቀት 11,235 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ጣራ ገዳም ከአዲስ አበባ ይልቅ ለዋሽንግተን በ325 ኪሎ ሜትር ያህል ትቀርባለች ማለት ነው። ሆኖም የዚያ አካባቢ መንገደኛ በመጀመሪያ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ 333 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይበራል፤ ከዚያም ያንኑ ርቀት በሌላ አውሮፕላን እንደ ገና ወደ ፊት ይመለስበታል። በዚህ ዙር ምክንያት በአየር የሚጨመርበት መንገድ ከ600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ይሁን እንጂ፣ ከዚህ በታች እንደሚታየው፣ ከጠቅላላው የጉዞ ጊዜ አንጻር ይህ ትርፍ ርቀት ትንሹ ዕዳ ነው።

፪. ጊዜው እንዴት እንዳጠረ

ከጣና ዳርቻ እስከ አዲስ አበባ በበቅሎና በእግር የሚደረገው ጉዞ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። የዓባይ ሸለቆ ብቻውን፣ ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ደጀን እስኪወጣ ድረስ፣ የሰውንም የከብቱንም ጉልበት ይጨርሳል። መኪና መንገድ ከተከፈተ በኋላም በደብረ ማርቆስ በኩል ያለው 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ከቀጥታው የአየር መስመር ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ሆኖ ቆይቷል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራም መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። በዚያ ጊዜ አውሮፕላኖቹ ሁለት ፕሮፔለር ያላቸው፣ ለጦርነት ተሠርተው ለሰላም ሥራ የተለወጡ ነበሩ፤ በረራውም በሳምንት አንድ ጊዜ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 ጄት ሥራ ሲጀምር ለቀድሞው የልደታ አየር ሜዳ የሚበቃ ስላልሆነ አገልግሎቱ ወደ ቦሌ ተዛወረ። ከዚህ ታሪክ አንድ ትምህርት ይገኛል፤ የአውሮፕላን ፍጥነት ብቻውን ጊዜን አያሳጥርም፤ መሬት ላይ ያለው መንደርደሪያ ካልተከተለው ፍጥነቱ ከንቱ ይሆናል።

ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. የአየር መንገዱ አዲስ ቦይንግ 767 አውሮፕላን ከዋሽንግተን ተነሥቶ፣ በየትም ሳያርፍ፣ በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ አዲስ አበባ ገባ። የበረረውም 12,082 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ባለ ሁለት ሞተር ጄት አውሮፕላን ከበረረው ሁሉ የረዘመ ነበር። በአማካይ በሰዓት 910 ኪሎ ሜትር ያህል ማለት ነው። የተበረረው ርቀት ከታላቁ ክብ መስመር በ500 ኪሎ ሜትር ገደማ መብለጡ ሊያስደንቅ አይገባም፤ አውሮፕላን የነፋሱን አቅጣጫ፣ የየአገሩን የአየር ክልል ፈቃድና የተደነገጉ የበረራ መስመሮችን ተከትሎ ስለሚሄድ በክሩ ላይ በትክክል የሚበርበት ቀን እምብዛም የለም።

፫. መሄድና መመለስ ለምን እኩል አልሆኑም?

ያ ታሪካዊ በረራ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ እንጂ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን አልነበረም። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬም ቢሆን ከዋሽንግተን የሚመጣው መንገደኛ ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ሲደርስ፣ ወደዚያ የሚሄደው ግን በልዩ ልዩ ዓመታት እንደ ሮም፣ ደብሊን ወይም ሎሜ ባሉ ከተሞች ለነዳጅ እያረፈ በ17 ሰዓት ገደማ ይደርሳል። መንገዱ አንድ ሆኖ ጊዜው ለምን ተለያየ? ምክንያቶቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ከፍታ፣ ሁለተኛው ነፋስ።

ደለስ ከባሕር ወለል 95 ሜትር ያህል ብቻ ሲነሣ ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። አውሮፕላን ከመሬት የሚነሣው ክንፉ በሚያገኘው አየር ኃይል ሲሆን፣ ይህም ኃይል ከአየሩ እፍግታ፣ ማለትም በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ካለው የአየር መጠን፣ እንዲሁም ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ይመጣጠናል። በቦሌ ከፍታ የመደበኛው አየር እፍግታ በባሕር ወለል ካለው 79 በመቶ ያህል ነው። ሙቀቱ 23 ዲግሪ በደረሰ ቀትር ላይ ደግሞ ወደ 73 በመቶ ይወርዳል። የጎደለውን በፍጥነት ለማካካስ አውሮፕላኑ ከባሕር ወለል ላይ ይልቅ በ17 በመቶ ፈጥኖ መሮጥ ይኖርበታል፤ የእንቅስቃሴ ጉልበቱም በ37 በመቶ ያህል ይጨምራል። ይህን ጭማሪ ሊሰጥ የሚገባው ሞተር ራሱ የሚተነፍሰው ያንኑ ስስ አየር ስለሆነ ግፊቱ ቀንሷል። መነሣቱ ድንገት ቢሰረዝ ያንን ሁሉ ጉልበት የሚያበርዱት ፍሬኖች፣ ፍጥነቱንም የሚሸከሙት ጎማዎች የማይታለፍ ወሰን አላቸው። የቦሌ ዋና መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ርዝመት የተሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ግን ርዝመትም ቢሆን ሁሉን ነገር አይፈታም።

ስለዚህ አውሮፕላኑ ክብደት መቀነስ ይገባዋል። ክብደት የሚቀነሰው ከሁለት ነገር ነው፤ ከመንገደኛና ከዕቃ፣ ወይም ከነዳጅ። መንገደኛን ትቶ መሄድ ኪሳራ ነው፤ ነዳጅን ቀንሶ መሄድ ደግሞ በመንገድ ላይ ማረፍን ያስከትላል። ማረፍ ማለት መውረድ፣ መቆም፣ መሙላት፣ እንደ ገና መውጣት ማለት ነው፤ የማረፊያው ከተማም ከአጭሩ መስመር ውጭ በሆነ መጠን ተጨማሪ ርቀት አለበት።

ሁለተኛው ምክንያት ነፋስ ነው። መስመሩ በሚያልፍበት በመካከለኛው የሰሜን ኬክሮስ፣ አውሮፕላኖች በሚበሩበት ከፍታ ላይ ብርቱ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን በአማካይ የ50 ኪሎ ሜትር ነፋስ ፊት ለፊት ቢገጥመው 11,560 ኪሎ ሜትሩን በ13 ሰዓት ከ36 ደቂቃ፣ ያው ነፋስ ከኋላ ቢገፋው ግን በ12 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይፈጽመዋል። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሊደርስ ምንም አይቀረው።

በዚህ ላይ የሰዓት አቆጣጠር ልዩነት ሌላ መደናገር ይጨምራል። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በበጋቸው በ7 ሰዓት፣ በክረምታቸው በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። በ17 ሰዓት የበረረው መንገደኛ የደረሰበትን የግድግዳ ሰዓት ሲመለከት 9 ወይም 10 ሰዓት ብቻ ያለፈ ይመስለዋል። ሰውነቱ ግን አይታለልም።

፬. በመሬት ላይ የሚጠፋው ጊዜ

እስካሁን የተነገረው ስለ አየሩ ነበር። ከጣራ ገዳም የሚነሣ መንገደኛ ግን በአየር ላይ የሚያሳልፈው የጊዜውን ከፊል ብቻ ነው። አዲስ ዘመን በባሕር ዳርና በጎንደር መካከል ስለሆነች ከደጃዝማች በላይ ዘለቀም ሆነ ከአፄ ቴዎድሮስ አየር ጣቢያ በተቀራራቢ ርቀት፣ በ90 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ትገኛለች። በባሕር ዳር በኩል ለሚሄድ ሰው ስሌቱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ እስከ አየር ጣቢያው በመኪና 2 ሰዓት፤ ለፍተሻና ለመሳፈር 2 ሰዓት፤ እስከ አዲስ አበባ 1 ሰዓት በረራ፤ በቦሌ የሚቀጥለውን አውሮፕላን ለመጠበቅ 6 ሰዓት፤ እስከ ዋሽንግተን 17 ሰዓት፤ እዚያ ደርሶ ለመግቢያ ፍተሻና እስከ ቤት 2 ሰዓት። ድምሩ 30 ሰዓት ነው። ቀጥተኛው 11,235 ኪሎ ሜትር ለ30 ሲካፈል በሰዓት 375 ኪሎ ሜትር ያህል ይወጣል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን ውስጥ የተቀመጠው ሰው፣ ከደጁ እስከ ደጁ ሲለካ፣ በግማሹ ፍጥነት እንኳ አልተጓዘም። ከ30ው ሰዓት 12ቱ፣ ማለትም 40 በመቶው፣ ከአውሮፕላን ውጭ ያለፈ ነው።

ከባሕር ዳር እስከ አዲስ አበባ ያለው አጭር በረራ ይህን ነገር ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። ፕሮፔለር ያለው የዘመኑ አውሮፕላን በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚበር 333 ኪሎ ሜትሩ በሙሉ ፍጥነት ቢታለፍ 31 ደቂቃ ብቻ ይወስድ ነበር። በሰሌዳው ላይ የሚጻፈው አንድ ሰዓት ግን መንከባለልን፣ መውጣትንና መውረድን ይጨምራል። ፍጥነቱ በእጥፍ ቢያድግ እንኳ የሚተርፈው ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። በአንጻሩ የመጓጓዣው ሰዓት ተጣጥሞ በቦሌ ያለው ጥበቃ ከ6 ወደ 3 ሰዓት ቢወርድ፣ አንድም ሞተር ሳይለወጥ ሦስት ሰዓት ይተርፋል።

የተገላቢጦሹም እውነት ነው። በወረታና በአዲስ ዘመን መካከል ያለው መንገድ በክረምት ውኃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ያልፋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ከዳርቻቸው ወጥተው በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሕዝብ አፈናቅለው ነበር። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻና ነሐሴ መጀመሪያ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ወደ ክልሉ ከተሞች የሚደረጉ በረራዎች ለቀናት ተቋርጠዋል። መንገደኛው በጎርፍ ወይም በመንገድ መዘጋት ሁለት ሰዓት ዘግይቶ የባሕር ዳሩ አውሮፕላን ቢያመልጠው፣ የዋሽንግተኑም ያመልጠውና 24 ሰዓት ሊጨመርበት ይችላል። 30 ሰዓቱ 54 ይሆናል፤ አማካዩ ፍጥነትም በሰዓት ወደ 208 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። በአንድ የፍሳሽ ቱቦ መደፈን የጠፋውን ይህን ጊዜ በዓለም ላይ ያለ ማናቸውም አውሮፕላን ሊመልሰው አይችልም።

፭. የሠልስት ስሌት

ይህ ሁሉ ቁጥር ለማን ይጠቅማል የሚል ጥያቄ ቢነሣ፣ መልሱ በሐዘን ቀን ይገኛል። በአገሩ ልማድ ያረፈ ሰው ብዙ ጊዜ በዕለቱ ወይም በማግሥቱ ይቀበራል፤ ሠልስቱ በሦስተኛው ቀን ይታሰባል፤ ዐርባው ይከተላል። በበቅሎ ዘመን በሩቅ አገር ያለ ልጅ ለዐርባውም ላይደርስ ይችል ነበር። ዛሬስ?

አንዲት እናት ሰኞ ማለዳ በጣራ ገዳም አጠገብ አርፋ በዕለቱ ተቀበረች እንበል። በዋሽንግተን ገና እሑድ ሌሊት ነው። ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ መርዶውን ለልጇ ሲያረዳ ሰኞ ይነጋል፤ ትኬትና ፈቃድ ሲፈለግም ቀኑ ያልፋል። ልጇ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ተሳፍሮ በ13 ሰዓት ቢበር፣ ረቡዕ ጠዋት በአዲስ አበባ ይሆናል። የባሕር ዳሩ በረራ በዚያው ቀን ከተገኘና መንገዱ ክፍት ከሆነ ረቡዕ ከመምሸቱ በፊት ከሐዘንተኛው ድንኳን ይደርሳል፤ ይኸውም በሦስተኛው ቀን ነው። ቀብሩን በምንም ዓይነት ፍጥነት ሊደርስበት አይችልም ነበር። ለሠልስቱ መድረስ አለመድረሱን የሚወስነው ግን ውቅያኖሱን የተሻገረበት 13 ሰዓት አይደለም፤ ከቦሌ እስከ ጣራ ገዳም ያሉት የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሰዓቶች ናቸው። 11,000 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የመጣ ሰው በመጨረሻው 400 ኪሎ ሜትር ሊሸነፍ ይችላል።

፮. ለሙያው የሚተርፈው

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነጥቦች ለማኅበሩ አባላት አሳብ ይቀርባሉ።

አንደኛ፣ የመንገድም ሆነ የአየር ጣቢያ ጥናት ሲዘጋጅ የጉዞ ጊዜ ከደጅ እስከ ደጅ ሊለካ ይገባል። የመንገዱ ጥናት መኪናው አየር ጣቢያ በር ላይ ሲደርስ፣ የአየር ጣቢያው ጥናት ደግሞ ከበሩ ሲጀምር፣ በሁለቱ መካከል የሚጠፋው ጊዜ ባለቤት ያጣል። አማካዩ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ምን ያህል እንደሚለዋወጥ መታየት አለበት፤ መንገደኛው ሁልጊዜ ሁለት ሰዓት እንደሚፈጅ የሚያውቀውን መንገድ፣ አንድ ቀን አንድ ሰዓት ሌላ ቀን አምስት ሰዓት ከሚፈጅ መንገድ ይመርጠዋል።

ሁለተኛ፣ በቢሾፍቱ አቅራቢያ በአቡሴራ እንዲሠራ የተወሰነው አዲስ አየር ጣቢያ ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ የሚል ነው። በመደበኛው አየር ሲሰላ እፍግታው ወደ 4 በመቶ ይሻሻላል። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም፣ ረጅም ለሚበር አውሮፕላን ተጨማሪ ነዳጅ ወይም ተጨማሪ መንገደኛ ማለት ነው። ነገር ግን ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የአገር ውስጡ በረራ በቦሌ ቀርቶ የውጭ አገሩ ብቻ ወደዚያ ቢዛወር፣ ከባሕር ዳር የሚመጣው መንገደኛ ዕቃውን ይዞ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ይኖርበታል፤ በአየር የተገኘው ትርፍም በመሬት ላይ ይባክናል። ስለዚህ የሁለቱ ማያያዣ ከመንደርደሪያው ርዝመት ባላነሰ ጥንቃቄ ሊታሰብ የሚገባው ነው።

ሦስተኛ፣ ትንሹ ሥራ እንደ ትንሽ አይታይ። በፎገራ ሜዳ ላይ ከጎርፉ ልክ በላይ ከፍ ብሎ የተሠራ የመንገድ ግንብ፣ ለርብ ሙላት የሚበቃ ስፋት ያለው ድልድይ፣ ከክረምት በፊት የተጠረገ የውኃ መውረጃ፣ እነዚህ ሁሉ የዋሽንግተን መስመር ክፍሎች ናቸው። አውሮፕላኑን የሚሠሩት በሩቅ አገር ያሉ ሌሎች መሐንዲሶች ናቸው፤ ነፋሱንና የመሬትን ክብነት የሚለውጥ የለም። በአካባቢው መሐንዲስ እጅ ያለው የቀረው 12 ሰዓት ነው።

እንግዲህ የፎገራው ገበሬ «የግማሽ ቀን መንገድ ነው» ሲል የመለሰው መልስ በዚህ ዘመንም ትክክለኛው የርቀት መለኪያ ሆኖ ይቆያል። ከጣራ ገዳም እስከ ዋሽንግተን ዛሬ የአንድ ቀን ከሩብ መንገድ ነው። ይህን ወደ አንድ ቀን ማውረድ ከተቻለ፣ ሥራው የሚጀመረው ከሰማይ ሳይሆን ከአዲስ ዘመን እስከ ባሕር ዳር ባለው መሬት ላይ ነው።